የፓተንት ሰሌዳ ከማዘዝዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የዓመታት ልፋት በመጨረሻ ፓተንት ሆኖ ሲወጣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማየት የማይወድ የለም። በአሜሪካ ልማዱ ሥር የሰደደ ነው፤ በኩባንያዎች ኮሪደር፣ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራና በመሐንዲሶች ሳሎን የፓተንቱን የመጀመሪያ ገጽ በብረት፣ በእንጨት ወይም በአክሪሊክ ላይ ያሰፈረ ሰሌዳ ይታያል። በዚያ አገር የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችና ተመራማሪዎችም ፓተንታቸው በወጣ ሰሞን ሰሌዳ እንዲያዝዙ የሚጋብዝ ደብዳቤ ቢደርሳቸው አይገርምም። አዲስ አበባ ላይም የምስክር ወረቀቱን በፍሬም አስገብቶ ቢሮ ውስጥ መስቀል የተለመደ ነው።

ከማዘዝዎ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሰሌዳው ጌጥ ነው፤ መብቱ ያለው መዝገብ ላይ ነው። ስለዚህ እንደ ስጦታ በፍቅር ይምረጡት፣ እንደ ሰነድ በጥንቃቄ ያመሳክሩት። ወረቀት ላይ የተሳሳተ ፊደል ይታረማል፤ ናስ ላይ የተቀረጸ ግን ወይ እንዳለ ይኖራል ወይ ሌላ ሰሌዳ ያስገዛል።

1. ፓተንቱ በእርግጥ ተሰጥቷል?

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። በአሜሪካ አሠራር ማመልከቻው ከገባ 18 ወር ሲሞላው በአብዛኛው ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ይህ የታተመ ማመልከቻ የራሱ የፊት ገጽ፣ ሥዕልና ቁጥር ስላለው ለማያውቅ ሰው ፓተንት ይመስላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ከቁጥሩ ነው። የማመልከቻ ኅትመት ቁጥር በዓመት ይጀምርና መጨረሻው ላይ «ኤ1» የሚል ምልክት ይይዛል። የተሰጠ ፓተንት ግን «ቢ1» ወይም «ቢ2» ይላል፤ የመጀመሪያው ማመልከቻው ቀድሞ ሳይታተም የተሰጠ፣ ሁለተኛው ከታተመ በኋላ የተሰጠ ማለት ነው።

የቁጥሩ ርዝመትም ይረዳል። የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ 10 ሚሊዮንኛውን ፓተንት የሰጠው እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 2018 ነው። ከዚያ ወዲህ የተሰጡ መደበኛ የፈጠራ ፓተንቶች ቁጥራቸው ባለ ስምንት አኃዝ ነው። የምርትን መልክና ቅርጽ ብቻ የሚጠብቀው የንድፍ ፓተንት ደግሞ «ዲ» በሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይጀምራል። ማመልከቻው ገና በሂደት ላይ ከሆነ ሰሌዳውን ያቆዩት።

2. ደብዳቤው የመጣው ከማን ነው?

ፓተንት ሲሰጥ የፈጣሪው ስምና የሚኖርበት ከተማ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ይወጣል። የሰሌዳ ነጋዴዎች ስምዎን የሚያገኙት ከዚያ ነው። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ብዙዎቹ ሐቀኛ ነጋዴዎች ናቸው። ችግሩ በዚያው መንገድ የሚመጡ ሌሎች መኖራቸው ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመስል ስም ይዘው፣ ማኅተም የሚመስል ምልክት ለጥፈው፣ ለ«ምዝገባ» ወይም ለ«እድሳት» ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ። የአሜሪካው ቢሮም ሆነ የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ስለ እነዚህ አሳሳች ደብዳቤዎች በተደጋጋሚ አስጠንቅቀዋል።

ይህን ይያዙ። ለአሜሪካ የፈጠራ ፓተንት ማቆያ የሚከፈለው ክፍያ ሦስት ጊዜ ነው፤ ፓተንቱ ከተሰጠ በ3 ዓመት ተኩል፣ በ7 ዓመት ተኩልና በ11 ዓመት ተኩል። የሚከፈለውም ለቢሮው ነው። ፓተንቱ በወጣ በወሩ «ካልከፈሉ ይሰረዛል» የሚል ወረቀት ከደረሰዎ ከጠበቃዎ ጋር ሳይነጋገሩ አንድ ሳንቲም አይላኩ። ሰሌዳ ደግሞ በፍጹም የግዴታ ክፍያ አይደለም። ቅናሹ ነገ ያበቃል ብለው ቢያዋክቡዎትም የፓተንቱ ገጽ የትም አይሄድም።

3. ሥዕሉንና ጽሑፉን ለማተም ፈቃድ ያስፈልጋል?

በአሜሪካ የፓተንት ጽሑፍና ሥዕል በአብዛኛው የቅጂ መብት ገደብ የለበትም፤ ለየት ያለ ማሳሰቢያ ያለበት ሰነድ ጥቂት ነው። ማንኛውም ሰው ሰነዱን ከቢሮው ድረ ገጽ በፒዲኤፍ በነፃ ማውረድና ማተም ይችላል። የግራሃም ቤል የስልክ ፓተንት ሥዕል በየቡና ቤቱ ግድግዳ የሚሰቀለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ «በእኛ በኩል ብቻ ነው የሚቻለው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ይለፉት። የሚከፍሉት ለእጅ ሥራውና ለዕቃው ብቻ መሆን አለበት።

4. ስሙ በትክክል ተጽፏል?

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእኛ ሰው ስም ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በዲግሪው ሌላ፣ በመሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ የታወቀ ነው። ፓተንቱም ላይ አራተኛ አጻጻፍ ሊወጣ ይችላል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ የአያት ስም መሐል ገብቶ ወይም ጨርሶ ተትቶ ሊገኝም ይችላል።

ስህተት ካገኙ ሰሌዳውን አያዝዙ፤ መጀመሪያ ጠበቃዎን የእርማት የምስክር ወረቀት እንዲያስወጣ ይጠይቁ። ጥፋቱ የቢሮው ከሆነ እርማቱ ያለ ክፍያ ነው፤ የአመልካቹ ከሆነ ክፍያ አለው። ልብ ማለት ያለብዎ ግን እርማቱ ከፓተንቱ ጋር የሚያያዝ ተጨማሪ ወረቀት እንጂ የፊት ገጹን እንደገና የሚያትም አለመሆኑን ነው። የገጹን ፎቶ የሚያትም ሰሌዳ ስህተቱንም አብሮ ያትመዋል። እንዲህ ሲሆን ስሙ፣ ርእሱና ቁጥሩ በአዲስ የሚቀረጹበትን ዓይነት ሰሌዳ ይምረጡ።

ስሙ በአማርኛም እንዲገባ ከፈለጉ ጽሑፉን በመልእክት ብቻ አይላኩ። የግዕዝ ፊደል የሌለው ኮምፒውተር ፊደሎቹን ባዶ ሳጥን ያደርጋቸዋል። ፊደሉ ወደ ሥዕል የተቀየረበት ፋይል ይላኩ። ሐመሩን ከሃሌታው፣ ጸሎቱን ከፀሐዩ ባለቤቱ ራሱ እንደሚጽፈው ያረጋግጡ።

5. ፈጣሪው ማን ነው፣ ባለቤቱስ?

በአሜሪካ ፓተንት የፊት ገጽ ላይ በቅንፍ 72 ከሚለው ቁጥር አጠገብ የፈጣሪዎቹ ስም፣ 73 ከሚለው አጠገብ መብቱ የተላለፈለት ባለቤት ይጻፋል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የፈጠረው ነገር በውሉ መሠረት የአሠሪው ይሆናል።

ለዚህ ከእንዶድ የተሻለ ምሳሌ ለእኛ አይገኝም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያ ተነሥተው የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎችን በእንዶድ መግታት እንደሚቻል አሳዩ። ለዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በኋላ በኦሃዮ፣ አሜሪካ፣ የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑትን የዜብራ ዛጎሎች በእንዶድ ለማጥፋት የሚያስችል ዘዴ ፓተንት ሲያገኝ የዶክተር አክሊሉ ስም ከባልደረቦቻቸው ጋር በፈጣሪነት ሰፈረ፤ ባለቤቱ ግን የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የፓተንቱ ባለቤትነት በኋላም ብዙ አነጋግሯል።

ከዚህ ለሰሌዳ ሥራ ሁለት ነገር ይወሰዳል። አንደኛ፣ «የፓተንቱ ባለቤት» ብለው ከማስቀረጽዎ በፊት ሁለቱን መስመሮች ያንብቡ፤ ለተቀጣሪ ትክክለኛው ማዕረግ «ፈጣሪ» ነው። ሁለተኛ፣ ሥራው የጋራ ከሆነ ማንንም ስም አያስቀሩ። በአሜሪካ ሕግ የስሞቹ ቅደም ተከተል የሚሰጠው የተለየ መብት ስለሌለ የሚያከብሩትን ሰው ስም በትልቁ ማስቀረጽ ይችላሉ፤ የሌሎቹን መሰረዝ ግን ሐሰት ነው።

ተቀጣሪ ከሆኑ ደግሞ አስቀድመው የሰው ኃይል ክፍሉን ወይም የሕግ ክፍሉን ይጠይቁ። ብዙ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው ሰሌዳ ራሳቸው ያሠራሉ፤ ሁለት አንድ ዓይነት ሰሌዳ ለማንም አይጠቅምም።

6. የትኛው ቀን ነው የሚጻፈው?

ሰነዱ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀኖች አሉ። 22 የሚለው ማመልከቻው የገባበት፣ 45 የሚለው ፓተንቱ የተሰጠበት ነው። ሰሌዳ ላይ የሚወጣው በተለምዶ ሁለተኛው ነው። ለማመሳከር አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ የአሜሪካ ፓተንት የሚሰጠው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። የቤል የስልክ ፓተንት የተሰጠበት ማርች 7 ቀን 1876 ማክሰኞ ነበር፤ 10 ሚሊዮንኛው የወጣበትም እንዲሁ። የእርስዎ ናሙና ላይ ያለው ቀን ማክሰኞ ላይ ካልዋለ አንድ ሰው የማመልከቻውን ቀን ጽፏል ወይም አኃዝ አዛውሯል።

በአማርኛ የሚቀረጽ ከሆነ የዘመን አቆጣጠሩ ይለይ። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ካልተጻፈ ልጅዎ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሲያነበው ሰባትና ስምንት ዓመት ሊሳሳት ይችላል።

7. ምን ይታይበት?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የፊት ገጹን እንዳለ ማተም ነው፤ አጠቃላይ መረጃው፣ አጭር መግለጫውና ዋናው ሥዕል ይታያል። ሁለተኛው ሥዕሉን ብቻ አጉልቶ ከሥሩ ርእስ፣ ስም፣ ቁጥርና ቀን ማስቀመጥ ነው። ለማሽን፣ ለመሣሪያና ለንድፍ ሁለተኛው ያምራል። ሥዕላቸው የሳጥንና የቀስት ድርድር ለሆነ የሶፍትዌር ፓተንቶች የመጀመሪያው ይሻላል፤ ሳጥኖቹን ብቻቸውን አይቶ የሚገባው የለም።

የአሜሪካ ፓተንት ገጽ 21.6 በ27.9 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰሌዳው ከዚህ ካነሰ የገጹ ጽሑፍ በዓይን የማይነበብ ደቃቅ ይሆናል። ከማዘዝዎ በፊት ገጹን በታሰበው መጠን በተራ ወረቀት አትመው ግድግዳው ላይ ይለጥፉና ሁለት እርምጃ ርቀው ይዩት። ካልተነበበ መጠኑን ያሳድጉ ወይም ወደ ሥዕሉ ይዙሩ። ፋይሉንም ከቢሮው መዝገብ በቀጥታ ያውርዱ፤ ከስልክ ስክሪን ላይ የተነሣ ፎቶ ሲጎላ መስመሮቹ ይደበዝዛሉ።

8. ዋናውን ሰነድ ለሠሪው አይስጡ

እ.ኤ.አ. እስከ ኤፕሪል 2023 ድረስ የአሜሪካ ፓተንት የሚሰጠው የወርቅ ቀለም ማኅተምና ቀይ ሪባን ባለው ወረቀት ነበር። ከኤፕሪል 18 ቀን 2023 ጀምሮ ሕጋዊው ሰነድ ዲጂታል ሆኗል። ከዚያ በፊት የተሰጠ ወረቀት ካለዎ አያስለብጡት፣ እንጨት ላይም አያስለጥፉት። የላሚኔት ሙቀት ማኅተሙን ይጨፈልቃል፤ ሙጫው ከወረቀቱ አይለቅም። ለሠሪው ፒዲኤፉ ይበቃዋል። ፓተንትዎ ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነና የሪባኑን ወግ ከወደዱት ቢሮው ለጌጥ የሚሆን የወረቀት ቅጂ ስለሚያዘጋጅ የወቅቱን አሠራርና ክፍያ ድረ ገጹ ላይ ይመልከቱ። ያንን ጥሩ ፍሬም ውስጥ ማስገባት ብቻውን የተሟላ ሰሌዳ ይሆናል።

9. ከምን ይሠራ? የትስ ይሰቀላል?

እንጨት፦ «ዋልነት» ወይም «ቼሪ» የሚለው ማስታወቂያ ሁልጊዜ ሙሉ እንጨት ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ኤምዲኤፍ ላይ የተለበጠ ሥሥ ሽፋን ነው። ኤምዲኤፍ እርጥበት ሲያገኘው ጠርዙ ያብጣል። በአገር ቤት ዋንዛ ቢያሠሩ በደንብ የደረቀ መሆኑን ይጠይቁ፤ እርጥብ እንጨት ከወራት በኋላ ይጣመማል።

ብረት፦ በሌዘር የተቀረጸ አሉሚኒየም ቶሎ አይለቅም። በሙቀት የተላለፈ ባለ ቀለም ኅትመት ግን ፀሐይ ላይ ከዋለ ይገረጣል። ናስ ያብረቀርቃል፤ የሚያብረቀርቀው ግን ላዩ ላይ በተቀባው መከላከያ ነው። በሚፍቅ ነገር ከተወለወለ መከላከያው ይነሣና ይጠቁራል።

አክሪሊክ፦ ዘመናዊ መልክ አለው፤ በቀላሉ ግን ይጫራል። አልኮል ወይም አሞንያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ላዩን ይሰነጣጥቀዋል፣ ያደበዝዘዋል። በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

ቦታውን አስቀድመው ይወስኑ። የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበትንና የወጥ ቤት እንፋሎት የሚደርስበትን ግድግዳ ይተዉ። በአሜሪካ ቤቶች ግድግዳው ብዙ ጊዜ የጂፕሰም ቦርድ ስለሆነ ከባድ ሰሌዳ በተራ ምስማር አይቆምም፤ ከኋላ ያለውን እንጨት ያግኙ ወይም ለቦርድ የተሠራ ማያያዣ ይጠቀሙ። ሌላ ፓተንት ይመጣል ብለው ካሰቡ ደግሞ ያው መጠንና ያው ቀለም ወደፊትም መገኘቱን ሠሪውን ይጠይቁ።

10. ኢትዮጵያ ውስጥ የተሰጠ ከሆነ

በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚሰጠው መብት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የፈጠራ ፓተንት 15 ዓመት የሚጸና ሆኖ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል የምስክር ወረቀት 5 ዓመት ነው፤ ለተጨማሪ 5 ዓመት ይታደሳል። አስገቢ ፓተንት ደግሞ ውጭ አገር ፓተንት የተሰጠበትን ፈጠራ አገር ውስጥ አስገብቶ ሥራ ላይ ለሚያውል ሰው የሚሰጥ ነው።

ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ስያሜ ከምስክር ወረቀቱ ጋር አንድ ይሁን። የግልጋሎት ሞዴል «ፓተንት» ተብሎ አይቀረጽ፤ በራሱ ክብር ያለው ነገር ነው። የአስገቢ ፓተንት ባለቤትም «ፈጣሪ» አይባል፤ ፈጣሪው ሌላ ሰው ነው።

11. ሰሌዳው የማያደርገው ምንድን ነው?

ሰሌዳው መብቱን አያራዝምም። የአሜሪካ የፈጠራ ፓተንት በመደበኛው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው፤ የማቆያው ክፍያ ካልተከፈለ ከዚያም በፊት ይቋረጣል። አገርም አያሻግርም፤ በአሜሪካ የተሰጠ ፓተንት አዲስ አበባ ላይ አይጠብቅዎትም። እንግዳ መቀበያ ውስጥ የተሰቀለ ሰሌዳ ምርቱ ላይ የሚጻፈውን የፓተንት ቁጥርም አይተካም፤ ተጥሶብኛል ብሎ ካሣ ለመጠየቅ የሚረዳው ምርቱ ላይ ያለው ምልክት ነው።

የተሰጠ ፓተንትም ሊፈርስ ይችላል። በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ለአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የተሰጠውን የአውሮፓ ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 በኔዘርላንድ ውድቅ አድርጎታል። ያንን ፓተንት በወርቅ ፍሬም ሰቅሎት የነበረ ቢኖር ፍሬሙ አያድነውም ነበር። ጊዜው ያለፈ ፓተንት ግድግዳ ላይ ቢቆይ ነውር የለበትም፤ የሥራ ታሪክ ነው። ለገበያ ማስታወቂያ ግን እንደ ጸና መብት አይጠቀሙበት።

12. ዋጋውንና ናሙናውን በጽሑፍ ይያዙ

ጠቅላላ ዋጋውን ይጠይቁ፤ ቅርጹ፣ ተጨማሪ ስም፣ ማሸጊያና ማድረሻ ገብተዋል? ለተጨማሪ ቅጂ ስንት ነው? ስህተት ቢገኝ ማን ይከፍላል? ብዙ ሠሪዎች ናሙናውን አይተው ካጸደቁ በኋላ የተገኘ ስህተትን በእርስዎ ላይ ይጥላሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ናሙናውን በዚያው ሌሊት አያጽድቁ። ፓተንቱን ከጎን አስቀምጠው ቁጥሩን አኃዝ በአኃዝ፣ ስሙን ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ፤ ከዚያ ሌላ ሰው እንዲያነበው ይስጡ።

ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ይመልሱ

- ቁጥሩ የማመልከቻ ኅትመት ሳይሆን የተሰጠ ፓተንት ነው?
- የሁሉም ፈጣሪዎች ስም አለ? አጻጻፉስ ትክክል ነው?
- «ፈጣሪ» እና «ባለቤት» በየቦታቸው ናቸው?
- ቀኑ የተሰጠበት ነው? የዘመን አቆጣጠሩ ተለይቷል?
- ጽሑፉ በመረጡት መጠን ይነበባል?
- ዋናው ሰነድ እቤትዎ ነው?
- አሠሪዎ ሌላ ሰሌዳ እያሠራ አለመሆኑን አረጋግጠዋል?
- ጠቅላላ ዋጋውና የእርማት ውሉ በጽሑፍ አለ?

ሁሉንም በአዎንታ ከመለሱ ያለ ስጋት ይዘዙ። አንዱ ካጠራጠረዎ ያንኑ እስኪያጣሩ ይቆዩ። በጀትዎ ጠባብ ከሆነም ገጹን በጥሩ ወረቀት አትመው በመስታወት ፍሬም ይስቀሉት፤ ትክክለኛ ስምና ትክክለኛ ቁጥር ያለበት ርካሽ ፍሬም ስህተት ከተቀረጸበት ውድ ናስ ይበልጣል።